ያለ ቢላ የሚሰራው የፕሮስቴት ሕክምና ለአባቴ ይሆናል ወይ?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። ባጭሩ ላስቀምጠው። የጠያቂው አባት 71 ዓመታቸው ነው፣ የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ ናቸው። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ሲነሱ ከርመው "የእድሜ ነው" ብለው ዝም አሉ። ከ5 ሳምንት በፊት ሽንት ጭራሽ ተዘጋባቸው። ትቦ ሲገባላቸው 1,100 ሚሊ ሊትር ወጣ። አልትራሳውንዱ ፕሮስቴቱ 95 ግራም ነው ይላል፣ ሁለቱም ኩላሊቶች አብጠዋል። ክሬያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ከፍ የሚለው የደም ምርመራ ቁጥር) መጀመሪያ 2.4 ነበር፣ አሁን ወደ 1.4 ወርዷል። ታምሱሎሲን የሚባለው የፕሮስቴት ኪኒን ተጀምሮላቸው ትቦው ሁለቴ ወጣ፣ ሁለቴም ተመልሶ ገባ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ብሏል። ዱባይ ያለች የጠያቂው እህት ደግሞ "በእንፋሎት የሚሰራ አለ፣ ቢላ አይነካቸውም፣ በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ" የሚል ቪዲዮ ላከች። አባትየው ቀዶ ጥገና ሲባል ወንድነቴ ያልቃል ብለው ይፈራሉ። "ያለ ቢላ የሚሰራው ለአባቴ ይሆናል? መሬት ሸጠን ውጭ እንውሰዳቸው?" ይላል ልጁ።

ወንድሜ፣ መልሱን ላስቀድም። በእንፋሎት የሚሰራው እውነተኛ ሕክምና ነው፣ ማጭበርበር አይደለም። ለአባትህ ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም። መሬቱን አትሽጡ።

ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ደሴም ላይ ኮምቦልቻም ላይ ይህንኑ ነገር በተለያየ መልኩ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፣ ሁሉም የሚጀምረው ደግሞ ከመሳሪያው ስም ነው። ሌዘር አለ ወይ? እንፋሎት አለ ወይ? መጀመር ያለበት ከታማሚው ነው። እጢው ስንት ግራም ነው? ቅርጹስ? ፊኛው ጉልበት አለው? ኩላሊቱ ተነክቷል? እነዚህ ሲመለሱ መሳሪያው ራሱ ይመረጣል።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ስር ያለ እጢ ነው፣ የሽንት ቧንቧው በመሃሉ ያልፋል። በወጣትነት 20 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ40 ዓመት በኋላ በአብዛኛው ወንድ ላይ ቀስ እያለ ያድጋል፣ ሲያድግ ቧንቧውን ከግራና ከቀኝ ይጫነዋል፣ አንዳንዴም መሃል ላይ ያለው ክፍል ወደ ላይ አድጎ የፊኛውን አፍ ይደፍነዋል። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይቀየርም። ሁለቱ ግን አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፣ ስለዚህ በጣት የሚደረገው ምርመራና የፒኤስኤ ደም ምርመራ አይቀሩም። የጣቱ ምርመራ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ አባቶቻችን ግን እሱን ሸሽተው ስንት ዓመት ይቀመጣሉ። ፒኤስኤውን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በል። ሽንት ሲዘጋ፣ ትቦ ሲገባ ወይም ኢንፌክሽን ሲኖር ቁጥሩ ያለ ካንሰርም ከፍ ይላል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን በተሰራ ውጤት ብቻ አትደንግጡ፣ ይደገማል።

ከጻፍካቸው ቁጥሮች ሁሉ እኔን የያዘኝ 95ቱ ግራም አይደለም። የኩላሊቱ ነው። ፊኛቸው ከአንድ ሊትር በላይ ይዞ፣ ሁለቱም ኩላሊቶች አብጠው፣ ክሬያቲኒን 2.4 ደርሶ ነበር። ይህ ማለት ሽንቱ ወደ ታች መውጫ አጥቶ ግፊቱ ወደ ላይ ወደ ኩላሊት ሲመለስ ቆይቷል። ትቦው ሲገባ ክሬያቲኒኑ መውረዱ ትልቅ የምስራች ነው፣ ኩላሊቱ ገና አልሞተም፣ ችግሩም ከመዘጋቱ የመጣ ነበር። ግን በዚህ ውጤት ትቦውን ለሶስተኛ ጊዜ አውጥቶ መሞከርን አልመክርም። አባትህ "አውጡልኝ" ቢሉም ሐኪሙን አትጫኑ። ዘላቂው ሕክምና እስኪሰራ ድረስ ትቦው ኩላሊታቸውን እየጠበቀላቸው ነው።

አሁን ወደ እንፋሎቱ እንምጣ። ስሙ ሬዙም ይባላል። በሽንት ቧንቧ በኩል ካሜራ ያለው መሳሪያ ይገባል፣ ከጎኑ ቀጭን መርፌ ወጥቶ እጢው ውስጥ ይሰካና 103 ዲግሪ የሞቀ የውሃ እንፋሎት ለ9 ሰከንድ ይለቃል። ያ ቦታ ይሞታል፣ ሰውነት ቀስ በቀስ ይመጠዋል፣ እጢው ይቀንሳል። እንደ እጢው መጠን ጥቂት ጊዜ ይደጋገማል። ስራው ራሱ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ በዚያው ቀን ቤት መግባትም ይቻላል፣ ቪዲዮው ይህን አልዋሸም። የማይነግርህ ሌላው ነው። እንፋሎት ያገኘው እጢ መጀመሪያ ያብጣል፣ ስለዚህ ለቀናት፣ ሽንት ተዘግቶበት ለነበረ ሰው ደግሞ ከዚያም ለረዘመ ጊዜ፣ ትቦ ይኖራል። ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መሽናት ለሳምንታት ይቆያል። ሙሉው ለውጥ እስከ 3 ወር ይወስዳል። ዋናው ጥናት የተሰራው ደግሞ ከ30 እስከ 80 ግራም በሆነ እጢ ላይ ነው፣ ሽንት ተዘግቶባቸው ትቦ የገባላቸው ሰዎች አልተካተቱበትም። አባትህ በሁለቱም ከመስመሩ ውጭ ናቸው። ትቦ ላይ ላሉ ሰዎች የሰሩ ሐኪሞች አሉ፣ ብዙዎቹም ከትቦ ተላቀዋል፤ ነገር ግን 95 ግራም እጢ፣ የተነካ ኩላሊት እና "ተሳክቷል አልተሳካም" ለማለት ወራት የሚያስጠብቅ ሕክምና አንድ ላይ አይሄዱም።

ሌላው ስሙ የሚነሳው ዩሮሊፍት ነው። እጢውን አይቆርጥም፣ አያቃጥልም። በጎንና በጎን ያለውን ሥጋ በትንንሽ ማሰሪያ ወደ ውጭ ስቦ ይይዘዋል፣ ቧንቧው ይከፈታል። በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ትልቁ ጥቅሙ ዘር የመርጨት ሁኔታን አለመንካቱ ነው፣ ስለዚህ ገና ልጅ መውለድ ለሚያስብ የ50 ዓመት ሰው ጥሩ ነው። ከ80 ግራም በታች ለሆነና የመሃሉ ክፍል ላልወጣ እጢ ነው በተለይ የሚሆነው። ድካሙ ደግሞ ዕድሜው ነው፦ በዋናው ጥናት በ5 ዓመት ውስጥ ከ100 ሰው ወደ 14ቱ ሌላ የሕክምና ሥራ አስፈልጓቸዋል። በሬዙም ይህ ቁጥር ወደ 4 ዝቅ ይላል፣ መድኃኒት የጀመሩትን ሳንቆጥር ማለቴ ነው። ለጥቂት ቀን ቧንቧው ውስጥ ተቀምጦ የሚወጣ አይቲንድ የሚባል የብረት መሳሪያም አለ፤ እሱም ለትንንሽ እጢ ነው፣ አባትህን አይመለከትም።

የደም ስር መድፈን የሚባለው ትንሽ ለየት ይላል። የሚሰራው በራጅ እየታየ ነው፣ ሐኪሙም በዚህ የሰለጠነ የራዲዮሎጂ ባለሙያ ነው። ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ደም ስር ቀጭን ትቦ አስገብቶ ወደ ፕሮስቴት የሚሄዱትን ስሮች በደቃቅ ቅንጣት ይደፍናል፣ እጢው ምግብ አጥቶ ይሟሽሻል። ትልቅ እጢ ላይም ይሰራል፣ ማደንዘዣ ለማይችል የልብ ታማሚ መልካም አማራጭ ነው። ሽንት የመክፈት አቅሙ ግን ከቀዶ ጥገናው ያንሳል። ስሮቹን ለማየት የሚሰጠው ቀለም ደግሞ ለደከመ ኩላሊት አይመችም። አባትህ የሚሰጋላቸው ኩላሊታቸው ነው፣ ስለዚህ ይህንንም ወደ ኋላ አደርገዋለሁ።

ታዲያ ምን ቀረ? ሦስት መንገድ ቀረ፣ ሦስቱም እጢውን በትክክል የሚያወጡ ናቸው።

አንደኛው ቲዩአርፒ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ይሄም ቆዳ ላይ ምንም ቢላ አያሳርፍም። ከወገብ በታች በጀርባ መርፌ ይደነዝዛል። ካሜራው በሽንት ቧንቧ ይገባል፣ ጫፉ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሰራ ግማሽ ቀለበት ሽቦ አለ። ሐኪሙ እጢውን ከውስጥ በኩል በቀጫጭኑ እየላገ ያወጣዋል፣ ቁርጥራጮቹ በውሃ ታጥበው ይወጡና በብልቃጥ ሆነው ለፓቶሎጂ ይሄዳሉ፤ የተደበቀ ካንሰር ካለ እዚያ ይታያል። እንፋሎት ይሄን አይሰጥህም፣ የሚመረመር ሥጋ አይወጣማ። ከሥራው በኋላ ፊኛው በተንጠለጠለ ውሃ ሲታጠብ ያድራል። የሽንት ቦርሳው መጀመሪያ ቀይ ይሆናል፣ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ በማግስቱ እየሳሳ ሄዶ ሮዝ፣ ከዚያ ንጹህ ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ትቦው ይወጣል። በአብዛኛው የሚመከረው እስከ 80 ግራም ለሚደርስ እጢ ነው። ምክንያቱም እጢው ሲተልቅ ሰዓቱ ይረዝማል፣ የሚፈሰው ደምና ወደ ሰውነት የሚገባው ማጠቢያ ውሃ ይጨምራል። በድሮው ማሽን ይህ ውሃ የደሙን ሶዲየም አውርዶ ሰው ያስተኛ ነበር። ባይፖላር የሚባለው አዲሱ የሚሰራው በጨው ውሃ ስለሆነ ይህን ስጋት አስቀርቶታል። ስለዚህ 95 ግራም በባይፖላር፣ እጁ በተካነ ሰው፣ የሚቻል ነው። ሐኪምህን "ማሽኑ ባይፖላር ነው?" ብለህ ብትጠይቀው አይቀየምህም።

ሁለተኛው ሆሌፕ ነው፣ ሌዘር የሚባለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ብርቱካን ስትልጥ ልጣጩን ሳትቀድ ፍሬውን መዘዝ አድርገህ እንደምታወጣው፣ ያደገውን ክፍል ከውጭ ሽፋኑ ለይቶ ወደ ፊኛ ይገፋዋል፣ እዚያ ተፈጭቶ ይወጣል። የትኛውም መጠን አይከለክለውም፣ ደም መፍሰሱ ትንሽ ነው፣ ትቦው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይወጣል። ለአባትህ በወረቀት ላይ ምርጡ ይህ ነበር። ነገር ግን ለመልመድ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ሙያ ነው። ያለ ልምድ የተሰራ ሆሌፕ በልምድ ከተሰራ ክፍት ቀዶ ጥገና አይበልጥም። በነገራችን ላይ "ሌዘር" የሚል ማስታወቂያ ያየህበት ቦታ ሁሉ ሆሌፕ አይሰራም። አንዳንዱ እጢውን የሚያተን ሌላ ሌዘር ነው፣ አንዳንዱም ለጠጠር የሚያገለግል ብቻ ነው። "ለፕሮስቴት ስንት ሰርታችኋል?" በልና ጠይቅ።

ሦስተኛው ክፍት ቀዶ ጥገና ነው። ከእምብርት በታች ተከፍቶ ያደገው ክፍል በጣት ተፈልቅቆ ይወጣል። አባቶች የሚፈሩት ይህን ነው። አልጋው ይረዝማል፣ ትቦው ወደ ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ ደም የማስፈለግ ዕድሉም ከሌሎቹ ይበልጣል። ግን ለትልቅ እጢ ውጤቱ አስተማማኝ ነው፣ ሽንቱ በደንብ ይከፈታል፣ ዳግመኛ የመዘጋቱ ዕድል አነስተኛ ነው። በአገራችን በሰፊው የሚሰራውም እሱ ነው፣ እጆቹም ለምደውታል። "ኋላ ቀር" እየተባለ ሲጣጣል ስሰማ ያናድደኛል። ስንት ሰው ነው በእሱ ዳግም እንደ ሰው ቆሞ የሸናው።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። በአቅራቢያችሁ ባይፖላር ቲዩአርፒ በደንብ የሚሰራ ዩሮሎጂስት (የሽንት አካላትና የፕሮስቴት ሐኪም) ካለና 95 ግራሙን እችላለሁ ካለ እሱን፤ ካልሆነ ክፍቱን አሰሩ። ሆሌፕ አዲስ አበባ አግኝታችሁ አቅማችሁ ከፈቀደ ሂዱ፣ እሰየው። ወደ 400 ኪሎ ሜትር ግን ትቦ ይዞ፣ ቤተሰብ አስከትሎ፣ ማረፊያ ተከራይቶ መሄድ ራሱ ወጪ ነውና ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ቀጠሮም ዋጋም አረጋግጡ። በጤና መድን ለመታከም ካሰባችሁ ደግሞ የሪፈር ወረቀቱን ቅደም ተከተል ጠብቃችሁ አስጽፉ፣ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ከኪስ ነው።

አሁን የአባትህ ፍርሃት። ይህን ለብቻቸው ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው፣ ልጅ አባቱን እንዲህ ያለ ነገር ማናገር ይከብደዋልና ካልሆነ ሐኪሙ ይንገራቸው። ለብልት መቆም የሚያገለግሉት ነርቮች የሚያልፉት ከእጢው ሽፋን ውጭ ነው፣ ሥራው ደግሞ ከሽፋኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ወንድ በፊት የነበረውን ያህል ይቀጥላል። የሚቀየረው ሌላ ነው፦ በቲዩአርፒም በሆሌፕም በክፍቱም በአብዛኞቹ ላይ የዘር ፈሳሹ ወደ ውጭ መውጣቱን ትቶ ወደ ፊኛ ይገባል፣ በኋላ ከሽንት ጋር ይወጣል። አይጎዳም፣ ስሜቱም አይጠፋም፣ ልጅ መውለድን ግን ያስቸግራል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው "ወንድነቴን ወሰዱት" ብሎ ያምናል፣ ለጎረቤቱም ያንኑ ይናገራል፣ ጎረቤቱም ኩላሊቱ እስኪደክም ከሕክምና ይሸሻል። ስለዚህ ቀድሞ ይነገር።

መስጊድ መሄድ እንዳቆሙም ጽፈሃል። ቦርሳው ስላለ፣ ውዱእ አይቆይልኝም ብለው። ሽንት መቆጣጠር ላቃተው ሰው ሃይማኖቱ ራሱ ማቅለያ አለው፣ የሚያምኗቸውን ሼህ ቤት ድረስ ጋብዘህ ይንገሯቸው፣ ከእኔ ይልቅ ከእሳቸው ቢሰሙት ይቀበላሉ። እግር ላይ የሚታሰር ትንሽ ቦርሳ አለ፣ ሱሪ ወይም ሽርጥ ስር አይታይም፣ ፋርማሲ ጠይቅ።

ትቦው እስካለ ድረስ ስለ አያያዙ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳውን በፌስታል አድርገው ጭናቸው ላይ ወይም ደረታቸው ጋ አቅፈው የሚመጡ አባቶች ብዙ ናቸው፣ ለመደበቅ ብለው። ሽንቱ ወደ ፊኛ ይመለሳል፣ ኢንፌክሽን የሚጀምረው እንደዚህ ነው። ቦርሳው ሁልጊዜ ከፊኛ በታች፣ ግን መሬት ሳይነካ። ትቦው እንዳይጎተት ጭን ላይ በፕላስተር ይያዝ። ትቦው የሚገባበት ቦታ በየቀኑ በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ተራው የላቴክስ ትቦ በ4 ሳምንት ገደማ መቀየር አለበት፣ የሲሊኮኑ እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። የአባትህ 5 ሳምንት ሆኖታል ብለሃል፤ አሁን ያለው ትቦ ከገባ ስንት ጊዜው እንደሆነና የትኛው ዓይነት እንደሆነ ነገ ጠይቅ።

ለሌሎቻችሁ፣ ገና ትቦ ላልደረሳችሁ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። ጫት ሽንት ያጠብባል። በጤነኛ ወንዶች ላይ እንኳ ተለክቶ ታይቷል፣ በጫቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የፊኛውን አንገት ያጨማድደዋል። ፕሮስቴቱ ያደገ ሰው ከሰዓት ሙሉ ቅሞ፣ ላዩ ላይ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥቶ፣ ማታ ሽንት ተዘግቶበት ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ አይገርመኝም። ሁለተኛው የጉንፋን ኪኒን ነው። አፍንጫ የሚያደርቁትና እንቅልፍ የሚያመጡት የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶች ሽንት ይዘጋሉ፣ ደሴ በብርዱ ወራት ይህን ማየት የተለመደ ነው። ፋርማሲ ስትገዙ "ፕሮስቴት አለብኝ" በሉ።

መድኃኒት በጊዜው ቢጀመር ብዙ ሰው ቀዶ ጥገና ሳይደርስበት ይኖራል። ታምሱሎሲን በቀናት ውስጥ ይሠራል፣ ከምግብ በኋላ ይወሰዳል፣ ሲነሱ ሊያዞር ይችላል። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያለው ሰው ታምሱሎሲን እንደሚወስድ ለዓይን ሐኪሙ ይንገር፣ ለዓይን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የምትሄዱ አባቶች ይህን አትርሱ። ፊናስተራይድ እጢውን ያሟሽሻል ግን ወደ 6 ወር ይፈልጋል፣ ፒኤስኤውንም በግማሽ ያወርደዋል፤ ይህን የማያውቅ ሐኪም ውጤቱን አይቶ እንዳይታለል ንገሩት። ለአባትህ ግን የመድኃኒቱ ጊዜ አልፏል፣ ኩላሊት ተነክቶ ኪኒን መጠበቅ የለም።

ለቀጠሮው ስትሄዱ የአልትራሳውንዱን ወረቀት፣ የመጀመሪያውንና የአሁኑን ክሬያቲኒን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ከነካርቶኑ ያዙ። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን የሚወስዱ ከሆነ በራሳችሁ አታቁሙት፣ ለሐኪሙ ንገሩ፣ እሱ ቀኑን ይወስናል። የሽንት ካልቸር ከቀዶ ጥገናው በፊት ይሰራ፣ ኢንፌክሽን ካለ ቀድሞ ይታከም። ደም የሚሰጥ ሰው ከቤተሰብ ከወዲሁ ተነጋገሩ። ስኳር ካለባቸው አትደብቁ፤ ስኳር የፊኛውን ነርቭ ያደክማልና እጢው ቢወጣም ሽንቱ እንደተጠበቀው ላይሄድ ይችላል። ስኳር ከሌለባቸው ግን የእሳቸው ዓይነት ግፊት የነበረበት ፊኛ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱ አለ፣ መንገዱ ሲከፈትለት ይሸናል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከባድ ነገር አያንሱ። ድርቀት እንዳይዛቸው ውሃና አትክልት ያብዙ፣ ማማጥ ቁስሉን ያደማዋል። ወደ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ሽንቱ ድንገት ቀላ ሊል ይችላል፣ ቅርፊቱ ሲለቅ ነው፣ ውሃ አብዝተው ይረፉ። ፒኤስኤ ክትትሉ አይቋረጥም፣ የእጢው የውጭ ሽፋን ስለሚቀር ካንሰር በኋላም ሊነሳ ይችላል።

እስከዚያው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ትቦው ለሰዓታት ምንም ካላወጣና ሆዳቸው ከታች ከተነፋ፣ የረጋ ደም ከወጣ ወይም ግራ መጋባትና ማስታወክ ካየህ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።